ማህፀኑ ማሽን ቢሆን ባለቤቱ ማን ነው?

ቪዲዮውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ነጭ፣ የተንጣለለ አዳራሽ። በረድፍ የተደረደሩ፣ እንቁላል የሚመስሉ የመስታወት ዕቃዎች። በእያንዳንዱ ውስጥ ጽንስ ተኝቶ ያድጋል። ወላጆቹ ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለው ልጃቸውን በስልክ ይከታተላሉ። እኔ ጋ የደረሰው በአማርኛ ተተርኮ ነው፤ «ፈረንጅ ልጅ በፋብሪካ ማምረት ጀመረ» የሚል ርዕስም ተለጥፎበታል።

አልጀመረም። ነገሩ ኤክቶላይፍ ይባላል። ሃሼም አል-ጋይሊ የተባለ የመን የተወለደ የሳይንስ ቪዲዮ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ያወጣው ምናባዊ ሐሳብ ነው። በዓመት እስከ 30,000 ሕፃናት የሚያሳድግ ተቋም ቢኖር ምን ይመስል ነበር ብሎ በኮምፒውተር ሣለው። ሕንፃውም የለም፣ ሕፃናቱም የሉም። ባጭሩ ልብ ወለድ ነው።

እኛ ሰፈር ቪዲዮው ቡና ላይ ደረሰ። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት የአዲስ አበባ ጫፍ። አንዲት ትልቅ ሴት «ታዲያ እትብቱ የት ሊቀበር ነው?» አሉ። ሆዷ የገፋው ጎረቤታችን ሳቀችና «እማማ፣ እኔ ግን ዛሬ ቢሉኝ ነገ እመዘገባለሁ» አለቻቸው። ሦስተኛዋ ስልኩን እየመለሰች «ስንት ብር ነው ግን?» ብላ ጠየቀች።

በነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ነው የሳይንስ ልብ ወለድ መቶ ዓመት ሲጨቃጨቅ የኖረው። ከእናት ያልተወለደ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ሴት ከምጥ ብትገላገል ምን ታተርፋለች፣ ምንስ ታጣለች? ማን ይከፍላል፣ ሕፃኑስ የማን ነው? እኔ የማደላው ለሦስተኛዋ ጎረቤቴ ነው። ጠንካራዎቹ ታሪኮች ረጋ ተብለው ሲነበቡ የእሷን ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። ማሽኑን ብቻውን አስቀምጠን በጎ ነው ወይስ ክፉ ብንል መልስ የለውም። ማብሪያ ማጥፊያውን የያዘው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚጠየቅ ስናውቅ ነው ነገሩ መልክ የሚይዘው።

ኦክስጅን የሚቀነስባቸው

ሐሳቡን በግልጽ ካነሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ጄ.ቢ.ኤስ. ሃልዴን ነው። ይህ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1923 ካምብሪጅ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ከ150 ዓመት በኋላ የሚኖር ተማሪ የሚጽፈውን ድርሰት አስመስሎ አቀረበ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ከሴት የሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ 30 እንኳን አይሞሉም። ሃልዴን ነገሩን የተናገረው እንደ ተስፋ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አልደስ ሃክስሌ ያንኑ ሐሳብ ወስዶ ገለበጠው። በ1932 በወጣው «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ውስጥ ሰው ሁሉ በጠርሙስ ያድጋል፤ «እናት» ማለት ደግሞ የሚያሳፍር ስድብ ነው። ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው ጠርሙሶቹን ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ነገር አይለቀኝም። ጽንሶቹ ገና ሳይወለዱ በደረጃ ተከፍለዋል። ለታችኛው ደረጃ የተመደበው ሆን ተብሎ ኦክስጅን ይቀነስበታል። አእምሮው እንዳያድግ ነው። ለጉልበት ሥራ የተፈለገ ሰው አእምሮ ምን ያደርግለታል? ይህን የሚያስረዳው ባለሙያ በሥራው የሚኮራ፣ ደስተኛ ወጣት ነው።

ይህን ለአንዲት የማውቃት አዋላጅ ነርስ ነገርኳት። ከከተማው ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። «ሆን ብለው?» አለችና ዝም አለች። ከዚያ የራሷን አወራችኝ። መብራት የጠፋበት ሌሊት ነው። ሕፃኑ ተወለደ፤ አላለቀሰም። በጨርቅ ጠራረገችው፣ ጀርባውን አሸት አሸት አደረገችው። ወይ ፍንክች። ባልደረባዋ በስልኳ ባትሪ ታበራላታለች፤ እሷ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ ትጨምቃለች። ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሥልጠና ላይ ያቺን የመጀመሪያ ደቂቃ «ወርቃማ ደቂቃ» ይሏታል። ሕፃኑ ተነፈሰ። ግን ኦክስጅን ያስፈልገው ነበር፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ሌላ ሕፃን ላይ ነው። ሪፈር ተጻፈ፤ አምቡላንስ ተጠበቀ።

በሃክስሌ ዓለም ኦክስጅኑን የሚቀንስ ሰው አለ። ጣት ልትቀስርበት ትችላለህ። እዚህ ግን ማንም አልቀነሰም። በጀት አልተለቀቀም፣ ሲሊንደር አልተሞላም፣ መኪናው ሌላ ቦታ ነበር። ለሕፃኑ ሳንባ ልዩነቱ ብዙም አይደለም። በአገራችን ጨቅላዎችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲወለዱ መታፈን ነው፤ ያለ ቀን መወለድና ኢንፌክሽን አብረውት ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን አይጨርሱም።

ሃክስሌ ክፉ መንግሥት ፈጥሮ አስፈራራን። ክፉ መንግሥት ሳይኖርም ያው ውጤት ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ልብ ወለድ ብናገኝ ደግሞ ጥሩ ነበር። ቸልተኝነት ለደራሲ አይመችም መሰለኝ፤ ፊት የለውም።

እስቲ አሁን በእጃችን ያለውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 የፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ያለ ቀናቸው ከማህፀን የወጡ የበግ ግልገሎችን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እስከ አራት ሳምንት አቆይተዋል። ከረጢቱ የእንሽርት ውሃ በሚመስል ፈሳሽ ተሞልቷል። ደሙ በእትብት በኩል ወጥቶ ኦክስጅን ይዞ ይመለሳል፤ የሚገፋው የግልገሉ የራሱ ልብ ነው። ግልገሎቹ በሳንባ እድገታቸው የ23 እና 24 ሳምንት የሰው ጽንስ ያህል ነበሩ። ዓላማው እናትን መተካት አይደለም። ዛሬ በማሞቂያ ክፍል ከሞት ጋር የሚታገሉትን፣ በጣም ቀድመው የሚወለዱትን ማትረፍ ነው። በሴፕቴምበር 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች በሰው ላይ ስለመሞከር ተሰብስበው መክረዋል። ከፅንሰት እስከ ልደት ሰውን በማሽን ማሳደግ ግን ሌላ፣ ሩቅ ነገር ነው። በአይቪኤፍ፣ ማለትም ከማህፀን ውጭ በቤተ ሙከራ የሚፀነሰውም ጽንስ በቀናት ውስጥ ወደ ሴት ማህፀን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚህ መንገድ የመጀመሪያ ሆና ከተወለደችው ከሉዊዝ ብራውን ጀምሮ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል እስከሚሠራው ድረስ መንገዱ ይኸው ነው።

ልብ ወለድ የማይወደው ቴክኖሎጂም አለ። በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ማሞቂያ ስላልበቃ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም ጨቅላዎቹን እናቶቻቸው ደረት ላይ አሰራቸው። ካንጋሮ የምንለው ነው። በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ካንጋሮ ከተጀመረ ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ነው። ይህን በፊልም የሚሠራው የለም። አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ልጇን ደረቷ ላይ አስራ ስትቀመጥ ምን ይቀረፃል? መስታወት ያምራል። ጥያቄዬ ግን የመስታወቱን ወጪ የሚያክል ገንዘብ ለዚያች እናት አልጋና ምሳ ቢውል ምን ይሆን ነበር የሚል ነው።

ምጥ ይቅር ወይስ አይቅር

ወደ ሁለተኛዋ፣ ሆዷ ወደገፋው ጎረቤቴ ልመለስ። «ምጥ ተፈጥሮ ነው» ብሎ አፏን ማስያዝ ቀላል ነው። በተለይ ለወንድ።

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው በአገራችን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2000 የነበረው 871 ነው፤ ለውጡ ትልቅ ነው፣ ያለ ማሽን ማህፀንም የመጣ ነው። ከሞት የተረፈችውም ሁሌ ጤነኛ አትሆንም። ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ጭንቅላት ሥጋዋን ተጭኖ ያቆስለዋል፤ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ብዙውን ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። ሐኪሟ ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት ለነዚህ ሴቶች ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር አለ። ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ሊድን ያልቻለ ሴቶች ኖረውበታል። «ምጥ ተፈጥሮ ነው» የሚል ሰው እዚያ ሄዶ ይበለው።

ስለዚህ የሴቶች መብት ታጋይዋ ሹላሚዝ ፋየርስቶን እ.ኤ.አ. በ1970 ሴትን ከመውለድ ሸክም የሚያላቅቅ ቴክኖሎጂ ይምጣ ብላ ስትጽፍ እብደት አልነበረም። ማርጅ ፒርሲ በ1976 ይህን ወደ ልብ ወለድ አመጣችው። በእሷ የወደፊት መንደር ሕፃናት በማሽን ያድጋሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት እናቶች አሉት፤ ከእናቶቹ መካከል ወንዶችም አሉ፣ ያጠባሉም። ግን ፒርሲ ዋጋውን አልደበቀችም። ሴቶቹ ለዘመናት የራሳቸው የነበረውን አንድ ሥልጣን፣ መውለድን፣ ማንም በማንም ላይ ሥልጣን እንዳይኖረው ሲሉ ለቀቁ። ከደራሲዋ ዘመን ለመጣችው እንግዳ ሴት ሲያስረዷት ሐዘን አላቸው።

እኛ አገር ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። ሴት የምትከበርበት፣ ገንፎ ቀርቦላት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለች፣ ውኃ ቅጂ የማትባልበት ጊዜ ቢኖር የአራስነት ጊዜ ነው። ለብዙ ሴት ብቸኛው የዓመት ፈቃዷ እሱ ነው። ሕፃኑ ተዘጋጅቶ ከማሽን ቢመጣ አራስ አትኖርም። አማቷም በማግስቱ «ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?» ትላታለች። የልጁ ሽንት ጨርቅ ግን ያው የእሷ ነው።

ሎይስ ማክማስተር ቡጆልድ ይህችን በደንብ ነክታታለች። በ1986 ባሳተመችው ልብ ወለድ ወንዶች ብቻ የሚኖሩባት ፕላኔት አለች፤ ልጆቻቸው በማሽን ማህፀን ያድጋሉ። እዚያ ልጅ ማሳደግ በሒሳብ የሚያዝ ሥራ ነው፤ ከአገሩ ሀብት ብዙውን ይወስዳል። ከዚያች ፕላኔት ወጥቶ የተጓዘ ሰው ያገኛት ሴት «እኛ ጋ ይህ ሥራ አይቆጠርም፣ ሴቶች በነፃ ይሠሩታል» ስትለው ይገረማል። ማሽን ወልዶ እንኳ አሳዳጊው ያው ሰው ነው። ስንት ብር ነው ያለችው ጎረቤቴ ይህን ብታነብ ትወደዋለች።

«እሺ» ማለት ምን ያህል እሺ ነው

ከሁሉም ግን እኔን የያዘኝ የኦክታቪያ በትለር አጭር ልብ ወለድ ነው፤ «ብለድቻይልድ»፣ 1984። ከምድር የሸሹ ሰዎች በሌላ ፕላኔት ተጠግተው ይኖራሉ። የፕላኔቱ ባለቤቶች እንቁላላቸውን የሚያሳድጉት በሌላ ፍጡር ገላ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ጥግ ያገኙት ይህን ለማድረግ ስለሚጠቅሙ ነው። የሚሸከሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ዋናው ገፀ ባሕርይ ጋን ገና ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የምትንከባከበው፣ ቤተሰቡን የምትጠብቅ የፕላኔቱ ተወላጅ አለች። ትወደዋለች። እሱም ይወዳታል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሲወልድ ያያል። ሆዱ ተቀዶ፣ በጩኸት። ከዚያ በኋላ ጋን መምረጥ አለበት፤ እሱ ይሸከም ወይስ እህቱ?

ይሸከማል። በፍቅርም ነው፣ በቅናትም፣ እህቱን ለማዳንም። በትለር አንዱን ለይታ አትሰጠንም። ተገደደ ብለን እንዳናዝን አፍቅሯል፤ ፈቀደ ብለን እንዳንረጋጋ ደግሞ እምቢ ቢል ቤተሰቡ የሚሄድበት የለም። አስገድዶ መድፈርንና ባርነትን ማውገዝ ቀላል ነው። ጥገኛ የሆነ ሰው የሚለው «እሺ» ግን አስቸጋሪ ነው።

ማርጋሬት አትውድ በ1985 ሌላኛውን፣ የማያሻማውን መንገድ መርጣለች። በልብ ወለዷ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ለባለሥልጣናት ይመደባሉ፤ የሚጠቀሰው ጥቅስም ከዘፍጥረት ነው፣ ራሔል አገልጋይዋን ባላን ለያዕቆብ የሰጠችበት። ለእኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የሣራንና የአጋርን ታሪክ በልጅነቱ ያልሰማ የለም። የተነገረን ግን ከሣራ ወገን ሆኖ ነው።

የበትለር ጥያቄ የት እንደሚኖር ማየት የፈለገ የማህፀን ኪራይን፣ ማለትም የሌላ ሰው ጽንስ በክፍያ ተሸክሞ የመውለድን ገበያ ይከተል። ህንድ በ2015 ለውጭ ዜጎች ዘጋች፤ በ2021 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ለትርፍ የሚሠራውን ጭራሽ ከለከለች። ታይላንድም በ2015 ለውጭ ዜጎች ከለከለች። ኔፓልም በዚያው ዓመት አቆመች። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ኔፓልን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት እስራኤል አውሮፕላን ልካ፣ ለዜጎቿ በኪራይ የተወለዱትን ጨቅላዎች አወጣች። ተሸክመው የወለዷቸው ሴቶች አብዛኞቹ ህንዳውያን ነበሩ። አንዱ በር ሲዘጋ ገበያው ቀጣዩን ድሃ አገር ይፈልጋል።

እኛ አገር የውጭ ጉዲፈቻ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልክሏል። ልጅ ከድሃ እጅ ወደ ሀብታም እጅ ሲሄድ መሀል ላይ ደላላ እንደሚገባ ተምረናል ማለት ነው። መሬቱ ለግንባታ የተወሰደበት የገበሬ ልጅ፣ የቀን ሥራ አጥታ መንገድ ዳር የቆመች ወጣት፣ ለዘጠኝ ወር ዳጎስ ያለ ገንዘብ ቢቀርብላት «እሺ» ትላለች። ትፈርማለች። የማትችለው እምቢ ማለትን ነው። በዚህ በኩል ከታየ ማሽኑ ከሰው ኪራይ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ከረጢት አይራብም፣ የሚያስለቅሰውም ልጅ የለውም።

የእኛ ደራሲያን በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ጻፉ የሚለኝ ካለ ብዙም አላጋጠመኝም። ግን ከጥንት የነበረ የራሳችን ምናባዊ ታሪክ አለን፤ ሾተላይ። ሴት የመጀመሪያውን በሰላም ትወልዳለች። ሁለተኛው ይሞትባታል። ሦስተኛውም። «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ልጇን እየተከታተለ የሚቀጥፍ መንፈስ ነው። እሱን ለማታለል ለተረፈው ሕፃን የሚያስጠላ ስም ይወጣለታል። የሞተውን የሚተካው ደግሞ ካሳ ወይም ማስረሻ ይባላል። ባል ሌላ ሴት ያገባል። ጥፋቱ ያለው እሷ ገላ ውስጥ ነዋ።

ሳይንስ ሾተላይን በደም ዓይነት አገኘው። አርኤች በሚባለው የደም መለያ የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት መከላከያ ያመርታል፤ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፣ ቀጣዩን ያጠቃዋል። ልጁ ፖዘቲቭነቱን የወረሰው ከአባቱ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ ከተፈለገ አባትየውም አለበት፤ ይህን ግን ለቅሶ ላይ የሚያነሳው የለም። መከላከያ መርፌው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። ዛሬም የጤና ባለሙያው ራሱ «የሾተላይ መርፌ» ነው የሚለው።

ይኸው እንግዲህ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ቴክኖሎጂ። አንድ መርፌ። እናቷ የደም ዓይነቷ በክትትል ጊዜ ካልተመረመረ፣ መርፌው ውድ ሆኖ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተገኘ፣ ለእሷ ሾተላይ አሁንም መንፈስ ነው። የከረጢቱ ማህፀን ሲመጣ በሌላ መንገድ ይደርሰናል ብዬ የማስብበት ምክንያት የለኝም።

ከመጣ ደግሞ ሕጋችን አልተዘጋጀም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትን የሚያውቃት በአንድ ነገር ነው፤ በመውለዷ። ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። አባት የሚታወቀው በግምት ነው፤ ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው። ሕጉ የተጻፈው ጽንስ በማቀዝቀዣ ሊቆይ እንደሚችል ሳይታሰብ ነው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት ሴት ከእሱ ጋር ያስቀመጠችውን ጽንስ ብታስገባ፣ 300 ቀኑ አልፏል። ዘመዶች ውርስ ላይ ይህን ቁጥር ይዘው እንደሚመጡ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

በዚያ ላይ ይህ የፌዴራል ሕግ በዋናነት የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው፣ ኦሮሚያም የራሱን አውጥቷል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ጥቂት ከሄዳችሁ ሸገር ከተማ ናችሁ፤ የቤተሰብ ሕጉም ሌላ ነው። ማሽኑ ገላን ቢተከል፣ ወላጆቹ ቱሉ ዲምቱ ቢኖሩ፣ የማሽኑ ባለቤት ደግሞ ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ቢሆን፣ ክፍያ ሲቋረጥ ሕፃኑን ማን ነው የሚያቆየው? ያ ጥያቄ በየትኛው ፍርድ ቤት ይታያል? እስከዚያው የልደት ምዝገባ ባለሙያዋ ቅጹን ስትሞላ የእናት ስም የሚለው ላይ ትደርሳለች። «የወለደችው ማን ናት?» ትላለች።